ስለ ሻደይ ጌጥና ስለ ዕንቍጣጣሽ ሥዕል

ከነሐሴ 16 ቀን አንሥቶ እስከ መስከረም 1 ቀን ያለው ጊዜ ሲቈጠር ሃያ ቀን ነው፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን ስድስት ቀን ስትሆን ግን ሃያ አንድ ይሆናል። በዚህ በጥቂት ጊዜ ውስጥ የኢትዮጵያ ልጆች በእጃቸው የሚያሰናዱት ሁለት ሥራ ወደ አደባባይ ይወጣል። አንደኛው ልጃገረዶች ለሻደይ በዓል ደርድረው የሚያጌጡበት ጌጥ ነው፤ ሁለተኛውም ወንዶች ልጆች ለዕንቍጣጣሽ ሥለው በየቤቱ የሚያበረክቱት ሥዕል ነው። ሁለቱም ዋጋቸው ጥቂት፥ ዕድሜያቸውም አጭር ስለሚመስል ታሪክ ጸሐፊ ብዙ ጊዜ አልፏቸው ይሄዳል፤ የነገሥታቱን ጦርነትና የአድባራቱን ሕንፃ ሲተርክ በልጅ አንገት ላይ ያለችውን ዶቃ አያያትም። ዳሩ ግን ዶቃዪቱ ከየት መጣች፥ ብሩን ማን አቀለጠው፥ ሥዕሉንስ ለልጁ ማን አስተማረው ብሎ የሚጠይቅ ሰው የአገሩን ንግድና የአገሩን ጥበብ፥ ከዚያም ጋራ የአገሩን በደል በአንድነት ያገኝበታል።

የሻደይ በዓል በይበልጥ የሚደምቅበት የዋግ አገር ከላስታ በስተ ሰሜን ሆኖ በተከዜ ወንዝ በኩል ቆላ፥ በሰቆጣ በኩል ደጋ የሆነ ተራራማ ምድር ነው። ሕዝቡ አገው ነው፤ ቋንቋውም ኽምጣና ይባላል። ዋግ ሹም እየተባሉ ያስተዳድሩት የነበሩት መኳንንት ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ዋግ ሹም ጎበዜ፥ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። በሰቆጣ አጠገብ ያለው የውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ይህም የዚያ አገር ሰው እጅ ከጥንት ጀምሮ ለጥበብ የተፈታ እንደ ነበረ ይመሰክራል። ሰቆጣ ደግሞ በድሮ ዘመን የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ከአፋር ቆላ የሚቈረጠው አሞሌ ጨው በግመልና በአህያ፥ በበቅሎም ተጭኖ ወደ መካከለኛው አገር ሲያልፍ በዚያ ይራገፍ ነበር። ጨው በሚያልፍበት መንገድ ደግሞ ከባሕር ወዲያ የመጣው ጥቃቅን ዕቃ ሁሉ ያልፋል፤ ነጋዴ ለትልቁ ሸክም ብሎ በሚወጣበት ጕዞ ትንሹን ነገር በስልቻው ጥግ አይረሳምና።

በዓሉ የሚውለው የፍልሰታ ጾም ከተፈታ በኋላ ነው። ስሙም እንደ አገሩ ይለያያል፤ በሰቆጣና በዋግ ሻደይ፥ በላስታ አሸንድዬ፥ በቆቦ በኩል ሶለል፥ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። ሻደይ ማለት በኽምጣና ለምለም፥ አረንጓዴ ማለት እንደ ሆነ ይተረጐማል፤ ይህም ልጃገረዶች በወገባቸው ዙሪያ ስለሚያስሩት ረጅም ለምለም ሣር የተባለ ነው። ስለ በዓሉ መነሻ ሊቃውንቱም ሽማግሎቹም ልዩ ልዩ ነገር ይናገራሉ። አንዳንዶቹ የእመቤታችንን ዕርገት ይጠቅሳሉ፤ አንዳንዶቹ ርግብ ለኖኅ ያመጣችለትን ለምለም ቅጠል ያነሣሉ፤ ሌሎቹም በመጽሐፈ መሳፍንት በአሥራ አንደኛው ምዕራፍ እንደ ተጻፈው የእስራኤል ልጃገረዶች ስለ ዮፍታሔ ልጅ በየዓመቱ አራት ቀን ይወጡ እንደ ነበረ ያስታውሳሉ። ከሦስቱ የትኛው እንደሚቀድም መከራከር ለዚህ ጽሑፍ አያስፈልገውም። ሦስቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይህም የልጃገረዶች ቀን መሆኑ ነው። በቀረው ዘመን ውሃ ስትቀዳ፥ እንጨት ስትለቅም፥ እኅትና ወንድሟን ስታዝል የነበረች ልጅ በእነዚህ ጥቂት ቀኖች ከሥራ ነፃ ትሆናለች፤ ከጓደኞቿም ጋራ ከበሮ ይዛ ከደጅ ወደ ደጅ ትዞራለች፤ ታላላቆችም ቆመው ይቀበሏታል፥ ይመርቋታልም።

ስለዚህ ጌጡ ቀልድ አይደለም። ልጅቱ ጠጕሯን ትሠራለች፤ ዐይኗን ትኳላለች፤ እጇንና እግሯን በእንሶስላ ታሞቃለች። በጆሮዋ ጉትቻ፥ በአንገቷ ድሪና መስቀል፥ በእጇ አምባር፥ በእግሯ አልቦ ታደርጋለች። ከብሩ ጌጥ መካከል የቀረውን ስፍራ ዶቃው ይሞላዋል። ዶቃውን ግን እንደ ብሩ ተሠርቶ ያለቀ ነገር አድርጋ አትገዛውም፤ ፍሬውን ገዝታ ወይም ከእናቷ ተቀብላ በራሷ እጅ በክር ትሰካዋለች። ቀዩን ከነጩ፥ ሰማያዊውን ከብጫው እያፈራረቀች፥ ትልቁን በመካከል ትንሹን በዳር እያደረገች ትደረድረዋለች፤ ካልወደደችውም ፈትታ እንደ ገና ትጀምራለች። በአንድ ከረጢት ውስጥ ካለ ዶቃ ሁለት እኅትማማች ሁለት የማይመሳሰል ጌጥ ያወጣሉ። እንግዲህ ጌጡ የማን ነው ቢባል ዶቃውን ያመጣው ነጋዴ አይደለም፤ የደረደረችው ልጅ ናት።

ዶቃውስ ከሩቅ የመጣ ነው። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በመጀመሪያው መቶ ዓመት ስሙ ያልታወቀ አንድ የግሪክ ቋንቋ የሚጽፍ ነጋዴ ስለ ኤርትራ ባሕር ንግድ በተወው መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ወደብ የሚገባውን ዕቃ አንድ በአንድ ይቈጥራል። በዚያ ውስጥ በግብፅ አገር የተሠራ ልዩ ልዩ የብርጭቆ ሥራ አለ፤ ለጌጥ የሚሆን፥ ተቈርጦም በገንዘብ ፈንታ የሚያገለግል ናስ አለ፤ ለሴቶች አምባርና አልቦ መሥሪያ የሚቈረጥ መዳብም አለ። ይህ ቃል ለአስተዋይ ሰው ብዙ ነገር ያስረዳል። መዳቡ የገባው በአምባርና በአልቦ መልክ አይደለም፤ ጥሬው ገብቶ በዚህ አገር አንጥረኛ እጅ ነው አምባር የሆነው። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ እንኳ ልማዱ ይህ ነበረ፤ ነገሩ ከውጭ፥ ሥራው ከውስጥ።

ኋላም በአክሱም ዘመን ነገሥታቱ የወርቅ፥ የብርና የመዳብ ገንዘብ አሠሩ፤ ከዐፄ ኢዛናም ማመን በኋላ የመስቀል ምልክት በገንዘቡ ላይ ተቀረጸ። ከእነዚህ የወርቅ ገንዘቦች በህንድ አገር የተገኙ አሉ፤ በአንዳንዶቹም ላይ እንደ ጌጥ ለመንጠልጠል የተበሳ ቀዳዳ ታይቶባቸዋል። ስለዚህ ገንዘብና ጌጥ በዚያን ጊዜም ሩቅ አልነበሩም፤ ያንዱን አገር ገንዘብ ሌላው አገር በአንገቱ ያስረው ነበር። ዛጎል ከህንድ ውቅያኖስ ይመጣ ነበር፤ ከአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ወዲህም በቬኒስ አጠገብ በሙራኖ ደሴት፥ ኋላ ደግሞ በቦሄሚያ የሚሠራው የብርጭቆ ዶቃ ወደ አፍሪካ ሁሉ ተሰራጨ። በ1762 ዓ.ም. በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ የገባው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ስለ ዶቃ ንግድ ሲጽፍ ነጋዴውን የሚያስፈራ ሥራ እንደ ሆነ ይናገራል። በአንድ ዓመት የተወደደው ቀለም በሚቀጥለው ዓመት የሚነካው አይገኝምና ነጋዴው ወይ ያለ ልክ ያተርፋል፥ ወይ ያለውን ሁሉ ያጣል፤ ፍርዱም በአገሩ ሴቶች ምርጫ ነው ይላል። የቬኒስ ብርጭቆ አቅላጭ ሳያውቀው የዚህ አገር ሴት ታዝዘው ነበር ማለት ነው።

የብሩም ታሪክ ከዚህ የራቀ አይደለም። በነምሳ ንግሥት በማርያ ቴሬዛ መልክ የተሠራው፥ በአገራችን ማርትሬዛ የተባለው ብር በ1780 በፈረንጆች አቈጣጠር የሞተችበት ዓመት ተጽፎበት ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ሲታተም ኖሮአል። የአንዱ ክብደት ሃያ ስምንት ግራም ያህል ሲሆን ከሺህ እጅ 833 እጅ ጥሩ ብር አለበት። ሰው ከብቱን ወይም ማሩን ሸጦ ማርትሬዛ ባገኘ ጊዜ የሚያስቀምጥበት ባንክ አልነበረውምና ወይ በምድር ይቀብረዋል፥ ወይ ወደ አንጥረኛ ወስዶ ለሚስቱና ለልጁ ድሪ፥ መስቀልና አልቦ ያሠራዋል። በዚህ ዐይነት የሴት አንገት የቤቱ ግምጃ ቤት ሆነ። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ የወረቀት ገንዘብ በዐዋጅ ሲወጣ ማርትሬዛው ከገበያ ቀረ፤ ስሙ ግን አልቀረም። ዛሬም ወረቀቱን ብር ብለን ስንጠራው ሳናስበው የአንጥረኛውን ቃል እንናገራለን።

አንጥረኛው ብሩን በሁለት ዐይነት ይሠራዋል። አንደኛው በወናፍ አሙቆ በመስፍ ላይ በመዶሻ መምታት፥ ቀጭን ክር አድርጎ መሳብና መግመድ ነው። ሁለተኛው ግን በሰም መሥራት ነው። አስቀድሞ የመስቀሉን መልክ በሰም ያበጃል፤ ሰሙንም በለዘበ ጭቃ ይለብጠዋል፥ አንዲት ቀዳዳም ይተውለታል። ጭቃው ደርቆ በእሳት ሲተኰስ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራም የቀለጠው ብር ይፈስሳል። በቀዘቀዘ ጊዜ ጭቃው ይሰበርና መስቀሉ ይወጣል። ያ ጭቃ ሁለተኛ አይሠራበትም፤ ስለዚህ በዚህ ሥራ ከሁለት መስቀል ፍጹም አንድ የሆነ አይገኝም። ዋግ በማሩ የታወቀ አገር ነውና ማር ካለበት ሰም አይጠፋም፤ ንብ የሠራችው ለመቅደሱ ጧፍ እንደሚሆን ሁሉ ለአንጥረኛውም ሥራ መነሻ ይሆነዋል።

ቅኔ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ሲሰማ ወዴት እንደሚያደርስ አስቀድሞ ያውቀዋል። የዋድላና የጎንጅ፥ የዋሸራም መምህራን የቃሉን ላይኛ ሰም፥ የምሥጢሩን ውስጥ ወርቅ ብለው ሲያስተምሩ ምሳሌው ከዚህ ከአንጥረኛው ደጅ የተወሰደ ነው። ሰም ካልቀለጠ ወርቅ አይገባም፤ ጭቃው ካልተሰበረ ጌጡ አይታይም። የአገሪቱ ከፍተኛ የቃል ጥበብ ስሙን ከእጅ ጥበብ ተበድሮአል። ብድሩ ግን እስካሁን በሚገባ አልተከፈለም።

የአንጥረኛው ሥራ ከሁሉ ይልቅ የከበረበት ስፍራ የክርስቲያን አንገት ነው። ክርስትና ሲነሣ ለሕፃኑ ማተብ ይታሰርለታል፤ ድሀውም ጌታውም በዚህ ክር እኩል ናቸው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ክርስቲያን ሁሉ በልብሱና በመሣሪያው ላይ የመስቀል ምልክት እንዲያደርግ ማዘዛቸው በታሪካቸው ተጽፎአል። ያለው ሰው በማተቡ ላይ የብር መስቀል ይጨምራል፤ የሌለው የእንጨት ያስራል፤ ያም ያጣው ክሩ ብቻ ይበቃዋል። አማርኛችንም የታመነውን ሰው ባለ ማተብ፥ ቃሉን ያፈረሰውን ማተቡን የበጠሰ ይለዋል። ከጌጥ ሁሉ ርካሹ የሆነው አንድ ክር ለሃይማኖትና ለታማኝነት ምስክር ሆኖ መቈጠሩ፥ የጌጥ ክብር በዕቃው ውድነት እንዳልሆነ ያስረዳል።

ጌጡ እንዲህ ሲከበር ጌጡን የሠራው ሰው ግን እንዴት ይኖር ነበር? በዚህ የአገራችን ታሪክ የሚያሳፍር ነው። አንጥረኛውን ጠይብ፥ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ እያሉ ይንቋቸውና ይፈሯቸው ነበር፤ ከብዙዎቹ ጋራ በማዕድ አይቀመጡም፥ በጋብቻም አይገናኙም፤ ርስትም የተከለከሉ ብዙዎች ነበሩ። ያ ሰው የሠራውን መስቀል ይሳለሙታል፥ እርሱን ግን ዐይኑ እንዳያርፍባቸው ይሸሹታል። ይህን ነውር የተመለከቱት ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ስም የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ ከለከሉ። ዐዋጁ መልካም ነበረ፤ ነገር ግን ምላስ ከዐዋጅ ይልቅ ልማድን ይታዘዛልና ስድቡ በአንድ ቀን አልጠፋም። መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ግን ይህን ልማድ የሚደግፍበት ቃል አያገኝም። በኦሪት ዘጸአት እግዚአብሔር በወርቅና በብር፥ በናስም እንዲሠራ በጥበብ መንፈስ የሞላው ባስልኤል አንጥረኛ ነበረ፤ ሐዋርያው ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበረ።

የዚህ ነገር ምሳሌ በጎንደር አጠገብ በወለቃ ይታያል። በዚያ የነበሩት የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ እንስራና ምጣድ ከመሥራት በላይ የአንበሳና የሰው መልክ ያላቸውን ጥቃቅን የሸክላ ምስሎች እየሠሩ ለመንገደኛ ይሸጡ ነበር። በአገራቸው ሰው ዘንድ ስለ ሸክላው የተናቁት እነዚያ ሴቶች ሥራቸው በውጭ አገር ሰዎች ቤት በክብር ተቀመጠ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. አብዛኛው ቤተ እስራኤል ወደ እስራኤል አገር በሄደ ጊዜ ሥራው እንዳይጠፋ ያደረጉት ጎረቤቶቻቸው ናቸው፤ የተናቀውን ጭቃ አንሥተው መሥራት ጀመሩ። ሠሪው ሲሄድ ነው የሥራው ዋጋ የታወቀው።

የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚል ተረት አለ። ተረቱ በትዕቢት የተውሶ ልብስ ለብሶ ለሚታበይ ሰው እውነት ነው፤ የሻደይ ልማድ ግን ሌላ እውነት ያሳያል። ድሪ የሌላት ልጅ ከአክስቷ ትዋሳለች፤ አልቦ የሌላት ከጎረቤቷ ታገኛለች፤ ያለው ቤት ለሌለው ቤት ልጅ አያጎድልም። በዚያ ቀን ድሀዋ ከባለጠጋዪቱ ተለይታ እንዳትታወቅ የሚያደርጋት ይህ ውሰት ነው። ያበደረችው ሴት ልጅቱ በደጅዋ ስታልፍ ድሪዋን በሌላዋ አንገት ታየዋለች፥ ትደሰታለችም። በዚህ ጊዜ የሰው ወርቅ ያደምቃል፤ ያደመቀውም ፍቅር ስላለበት ነው።

ይህ የተውሶ ድሪ ከእናት ወደ ልጅ፥ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ እንዲተላለፍ የታሰበ ነበር፤ ክፉ ቀን ግን በመካከሉ ገባበት። ዋግ ዝናብ ሲያጥር ቶሎ የሚጎዳ አገር ነው። ከ1881 እስከ 1884 ዓ.ም. በአገሪቱ ሁሉ የደረሰው፥ ክፉ ቀን ተብሎ ስም የወጣለት ረኃብ ሳይረሳ በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ደግሞ በዋግና በላስታ እጅግ በርትቶ ነበር። እህል በጠፋ ጊዜ አስቀድሞ የሚሸጠው በግና ፍየል ነው፤ እርሱ ሲያልቅ ብሩ ከአንገት ይወርዳል። ሻጩ ሲበዛ ዋጋው ይረክሳል፤ የብዙ ዓመት ቅርስ ለጥቂት ቀን ቀለብ ይሰጣል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነት ወደ ዋግ ኽምራ በደረሰ ጊዜም ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን ትቶ ተሰደደ። እንዲህ ያለ ቤት በዓሉን በሰላም ሲያገኝ ልጁን የሚያስጌጥበት የአያት ብር ሁልጊዜ አያገኝም። ልጅቱ ግን ዶቃ መደርደር ካወቀች ጌጥ አታጣም፤ ብሩ ይሸጣል፥ የእጅ ዕውቀት ግን አይሸጥም፥ አይዘረፍምም።

ሻደይ ካለፈ በኋላ ጳጕሜን ትገባለች፤ ያን ጊዜ ተራው የወንዶች ልጆች ይሆናል። የአዲስ ዓመት በዓል ስሙ ራሱ የጌጥ ስም ነው። የአገር ትውፊት እንደሚለው ንግሥተ ሳባ ከኢየሩሳሌም በተመለሰች ጊዜ መኳንንቷ ዕንቍ ለጣጣሽ ብለው ገጸ በረከት አቀረቡላት፤ ሌሎች ደግሞ ዕንቍ ለጣትሽ ማለት ነው ይላሉ። በየትኛውም ቢሆን ዓመቱ የሚከፈተው በስጦታ ነው። ልጃገረዶች አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ይዞራሉ፤ ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት ላይ የሣሉትን አበባና ፀሐይ፥ መልአክና መስቀል ይዘው በየደጁ ይቆማሉ። ወረቀቱንም በስሙ ዕንቍጣጣሽ ይሉታል። ባለቤቱ ተቀብሎ ይመርቃል፥ ሳንቲም ወይም ዳቦ ይሰጣል፤ ሥዕሉንም በግድግዳው ላይ ይለጥፋል።

በእንግሊዝ አገር ሄንሪ ኮል የተባለ ሰው ለልደት በዓል የመጀመሪያውን የታተመ የመልካም ምኞት ካርድ በ1843 በፈረንጆች አቈጣጠር ሠዓሊ አሥሎ አወጣ፤ አንድ ሺህ ያህል አሳትሞ አንዱን በአንድ ሽልንግ ሸጠው። ካርዱም ከዚያ ወዲህ በዓለም ሁሉ የታወቀ ንግድ ሆነ። የእኛው ልጅ ሥዕል ግን ከማተሚያ ቤት አልተወለደም፤ መነሻው ከብራናው ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ብራና የሚፋቀው በብዛት ከፍየል ቍርበት ነው፤ ዋግም በአበርገሌ ፍየሉ የታወቀ ነው። ጸሐፊው መቃውን ቀርጾ ከጥላሸት በተበጀ ጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ቅዱሳት ስሞችን በቀይ ቀለም ይለያል። በመጽሐፉ መጀመሪያና በየምዕራፉ ራስ ላይ ሐረግ የሚባለውን እርስ በርሱ የተጠላለፈ ጌጥ ይሥላል። ጸሐፊው ሲሠራ አጠገቡ ተቀምጦ ቀለም የሚበጠብጥለት ተማሪ ሐረጉን በዐይኑ ይለቅማል። የዕንቍጣጣሽን ወረቀት ዳር አስተውሎ ለሚያይ ያው ሐረግ፥ ያው መስቀል፥ ያው ዐይኑ የሰፋ መልአክ በልጅ እጅ ተሥሎ ይገኝበታል። ስለዚህ ያ አንድ ቅጠል ወረቀት ከትልቁ መጽሐፍ የተገነጠለ ያህል ነው።

ለልጁም ትምህርት ነበረ። ወረቀቱን በመስመር መክፈል፥ ቀለሙን ማስማማት፥ ሥራውን ለሰው ማቅረብ፥ ዋጋ መቀበል፥ ተንቆ ሲመለስም መታገሥ ሁሉ በዚያ ጧት ይማራል። ሳንቲሙን ለደብተርና ለእርሳስ የሚያውል ልጅ ብዙ ነው። ለምኖ ሳይሆን ሠርቶ ማግኘትን በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ ሁለቱም ሥራ በአንድ ዐይነት ፈተና ውስጥ ናቸው። በሻደይ ሰሞን በገበያ ከፋብሪካ ተደርድሮ የመጣ የላስቲክ ዶቃና በብር ቀለም የተነከረ ድሪ በርካሽ ይሸጣል፤ በዕንቍጣጣሽም በማተሚያ ቤት በብዙ ሺህ የታተመ ሥዕል ልጆች ገዝተው መልሰው ይሸጣሉ። የልጁ እጅ ከመግዛትና ከመሸጥ በቀር በሥራው ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ብዙውም ሰው የመልካም ምኞቱን በስልክ ይልካል፤ እርሱም ሌላ ሰው ያዘጋጀው ነው። ዶቃ ከውጭ መምጣቱ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ከላይ ታይቶአል፤ ከአዱሊስ ዘመን ጀምሮ ይመጣ ነበር። አዲሱ ነገር ሥራውም ጭምር ከውጭ መምጣቱ ነው። ያን ጊዜ የሰው ወርቅ አያደምቅ የተባለው ተረት በእውነት ይፈጸማል።

በሠለጠኑት አገሮች የሚሆነውን ማየት ለምክር ይረዳል። በጀርመን አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ግድም አንዲት አሻንጉሊት ሠሪ ሴት ለአሻንጉሊቶቿ ራስ መሥሪያ የሚሆን፥ በቤት ምድጃ የሚጠነክር ሰው ሠራሽ ጭቃ አበጀች። ያ ጭቃ ኋላ ፊሞ በሚል ስም ተሸጠ፤ ዛሬ ፖሊመር ክሌይ እየተባለ በብዙ አገር ሴቶችና ልጆች ጉትቻና የአንገት ጌጥ ይሠሩበታል። ካርድም በእጃቸው ቈርጠውና አስጊጠው ለበዓል ይላላካሉ። ፋብሪካ አጥተው አይደለም፤ ፋብሪካው ሁሉን ስለ ሞላባቸው የእጅ ሥራ ናፍቆአቸው ነው። እነርሱ በገንዘብ የሚፈልጉትን እኛ ከእናቶቻችን በነጻ ተቀብለነዋል፤ ጥለነው መልሰን ለመፈለግ አንቸኵል።

የሚያስፈልገውም ብዙ ወጪ የለበትም። እናት ለልጅዋ የተደረደረ ዶቃ ከመግዛት ፍሬውንና ክሩን ሰጥታ አጠገቧ ታስቀምጣት። አያት የቀራትን አሮጌ ብር ለማቅለጥ ከመስጠቷ በፊት የማን እንደ ነበረ ለልጆቿ ትንገራቸው። የአብነት መምህሩም በጳጕሜን አምስት ቀን ለተማሪው ሐረግ መሣልን ያሳየው። በዕንቍጣጣሽ ጧት በደጅ ሁለት ልጆች ቢቆሙ፥ አንዱ የታተመ፥ አንዱ በእጁ የሣለው ቢይዝ፥ ባለቤቱ የታተመውን ሳይንቅ ለሣለው አብልጦ ይስጥ፤ ስሙንም በወረቀቱ ጀርባ እንዲጽፍ ይጠይቀው። አንጥረኛውም መስቀል ሲያስረክብ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስሙ ይጠየቅ፥ በቡና ላይም ከታላላቆች ጋራ ይቀመጥ። ባለፈው ዘመን ጌጡን ወስደን ሠሪውን በደጅ አቁመነው ነበርና፤ ከዚህ ወዲያ ከጌጡ ጋራ ሠሪውም ወደ ቤት ይግባ።